አባባ ጥሩነህ የለቀቁልኝ አልጋ

አባባ ጥሩነህ ባለፈው ነሐሴ፣ አርብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤታቸው ጣሪያው ወድቆባቸው ሞቱ። እኔ በዚያው ቤት፣ ከእሳቸው ጥቂት ክንድ ርቄ ተኝቼ ነበር፤ አንድ ጭረት እንኳ አላገኘኝም።

ለዘገባ ሄጄ ጎርፍ መንገዱን ሲዘጋብኝ ነው ያሳደሩኝ። ገና ስገባ መሐል ቤት ያለው የማዳበሪያ ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን ቡናማ እድፍ ይዞታል፤ ከበላዩ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል።

«አባባ፣ ይኼ ጣሪያ የበሰበሰ ይመስለኛል» አልኋቸው።

«የእኔም ጉልበት ሲንቋቋ ነው የሚውለው፤ ይኸው ቆሜያለሁ» ብለው ሳቁ።

ሲመሽ ጥግ ያለውን አልጋቸውን ለቀቁልኝ። እምቢ ብላቸው «እንግዳ መሬት አስተኛ ልታስብለኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። እሳቸው መሐል ቤት ቁርበት አንጥፈው ተኙ። ጎህ ሲቀድ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ተሰብሮ ላያቸው ላይ ወረደ።

በዘገባዬ፣ ሽማግሌው የአደጋውን ምልክት እንዳላወቁት ጻፍሁ።

ለተዝካራቸው ስመለስ ልጃቸውን አገኘኋት። አልጋው ድሮ መሐል ቤት እንደነበር ነገረችኝ። ሐምሌ ላይ እንጨቱ መበስበሱን አይተው፣ ጣሪያው ደህና ወደሆነበት ጥግ የገፉት ራሳቸው አባባ ጥሩነህ ናቸው።