የሕማማት መርፌ

እኔ ወረፋ መጠበቅ አልችልም። ባንክ ቤት ሰልፍ ካየሁ ዞሬ እወጣለሁ፤ ሚኒባሱ ካልሞላ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። እናቴ ይህን ጠባይ ከአባቴ ወገን ያመጣሁት ነው ትላለች፤ በእሷ ወገን የሚቸኩል ሰው የለም። ስለዚህ በዚያ የሕማማት ሰኞ፣ እዚያው ካዛንቺስ ሰፈራችን ውስጥ ባለ አንድ የአጥንት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ከእሷ ጎን ተራ መጠበቄ ለእኔ ትልቅ ጾም ነበር። እግሬ ወለሉን ይደበድባል። እሷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትጸልያለች፤ መሐል ላይ ታቋርጥና "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩን አፈረስሽው እኮ" ትለኛለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሕመሙ የጀመራት ከዓመታት በፊት ነው። መጀመሪያ ከመቀመጫዋ ስትነሣ "እህ" ማለት አመጣች። ቀጥሎ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መደገፍ። ቁርጥማት ነው አለችና ያልተቀባችው ቅባት፣ ያልታሸችበት ዘይት የለም፤ ፍል ውሃም ተመላልሳለች። በስንት ጭቅጭቅ ሐኪም ዘንድ ወስጄ ራጅ ስናስነሣት ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ ያለው ልም አጥንት አልቆ አጥንቱ እርስ በርሱ እየተፋተገ ነው ተባለ። ሐኪሙ እዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ፣ ብግነቱን የሚያበርድ መርፌ አለ ቢላት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። "አጥንት ደግሞ ይወጋል እንዴ?" አለችኝ ውጪ ስንወጣ። ጎረቤቶቻችንም አላረፉም፤ በመርፌ እግሩ ደርቆ የቀረ ሰው የማያውቅ ሰው ከሰፈራችን ጠፋ።

ሐሳቧን ያስለወጣት የዓምናው ስቅለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ውላ አንዱ ስግደት ላይ ግንባሯ መሬት እንደነካ ጉልበቷ ተቆለፈ፣ መነሣት አቃታት። ሁለት ጎረምሶች በብብቷ ገብተው አነሷት፤ ከኋላ ያሉ ሴቶች መንገድ ልቀቁ፣ አሮጊቷን አሳልፉ እያሉ ጮኹ። እኔ አልነበርኩም። ቤት ስትመጣ "እንደ ጆንያ አነሡኝ" ብላ ተኛች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ትለኝ ጀመር፤ "አንድ ጊዜ ብቻ፣ በራሴ ወርጄ በራሴ ልነሣ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።"

ዘንድሮ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ድንገት "ያ መርፌ እስካሁን አለ?" አለችኝ። ደስታዬ ሌላ ነበር። ቀጠሮ ልይዝ በረርኩ፤ ያገኘሁት ቀን የሕማማት ሰኞ ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለምን ፈለግሽው ብዬ ሳልጠይቅ ነው የሮጥኩት። ለስቅለት ልትሰግድበት መሆኑ ሲገባኝ ተጣላን።

"ወንበር ይዤልሽ እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ። እግዚአብሔር ወንበር አያውቅም?"

"እሱማ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው።"

ለንስሐ አባታችን ንገሪያቸው ብላትም አሻፈረኝ አለች። እሳቸው ጠበል ሊረጩ ቤት ሲመጡ "እህ" ሳትል ትነሣለች፤ ጥርሷን ነክሳ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልኳት። "መድኃኒቱ ዘንድማ እየወሰድሽኝ ነው" አለችኝ። የፈራችው ሌላ ነው። አባ ካወቁ አትስገጂ ይሏታል፤ የንስሐ አባት ከከለከለ ደግሞ አለቀ፣ በቃ።

እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠናል። የሐኪሙ በር ተከፈተና አንድ ረዥም ሰው ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው እያነከሱ ወጡ። ጥምጣማቸውን አውልቀው ሹራብ ቆብ አድርገዋል። እኔ ነኝ ቀድሜ ያወቅኋቸው፤ የንስሐ አባታችን ናቸው።

እናቴ በልማዷ መስቀል ልትሳለም ብድግ አለች። እሳቸውም በልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ከዚያ ሁለቱም ሕማማት መሆኑ ትዝ አላቸው። በሕማማት መስቀል መሳለም የለም፤ እንዴት አደሩ፣ ደኅና ነዎት ወይ የሚባል ሰላምታም የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በሰላምታው ብዛት እፍረታቸውን ይሸፍኑት ነበር። አሁን ግን የሚሸሸጉበት ነገር አጥተው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘኑኝ።

ነርሷ ትንሽ አረፍ ይበሉ ብላቸው ነበርና ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። አቀርቅረው "የትኛው ነው?" አሉ።

"ቀኙ፣ አባ።"

"የእኔ ግራው ነው።"

"ከጀመረዎት ቆየ?"

"ቆየ። አንቺስ?"

"ቆየኝ።"

እናቴ አላስቻላትም። "ምነው ታዲያ ዝም አሉን?"

"ቁጭ ብዬ እናንተን ስገዱ ልበላችሁ? ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ" አሉ። ከዚያ በረዥሙ ተነፈሱና "ሐኪሙ ዘንድሮ አይስገዱ ብሎኛል" አሏት።

ይኸው አሁን ይከለክሏታል፣ ተገላገልኩ ብዬ ወደ እሳቸው ተጠጋሁ። እናቴ እጆቿን እግሮቿ ላይ አጣምራ ወለል ወለሉን ታያለች። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሆነችው። አባ አዩዋት፣ አይተው አይተው "ግቢና አንቺን የሚልሽን ስሚ" ብቻ አሉ። በጣም ተናደድኩባቸው። እንዲህ ለማለት ነው ቄስ የሆኑት?

ውስጥ ገባን። ሐኪሙ ጉልበቷን በአዮዲን ጠርጎ መጀመሪያ በመርፌ ቢጫ ፈሳሽ ቀዳ፤ ከዚያ መርፌውን ሳይነቅል መድኃኒቱን አስገባ። እናቴ ጣራውን እያየች "ጾም አያስፈታም አይደል?" አለችው። "ሆድ አይገባም፣ እማማ" አላት። መርፌው ሕመሙን ለተወሰኑ ወራት ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ያለቀውን እንደማይመልስ፣ ቶሎ ቶሎ እንደማይወሰድም አስረዳት። "ይኼን ሳምንት ጉልበትዎን ያሳርፉት። መንበርከክ የለም፣ እሺ?"

"እሺ" አለች። እሺታዋ በጣም ፈጠነብኝ።

የዚያን ቀን ማታ ጭራሽ ባሰባት፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር በረዶ ያዝንላት። ረቡዕ ቀለላት። ሐሙስ ግድግዳ ሳትደገፍ ወደ ግቢው ወረደች። ሜክሲኮ ካለው መሥሪያ ቤቴ ሆኜ በየሰዓቱ እደውላለሁ። "ተቀምጠሻል?" "ተቀምጫለሁ" ትለኛለች፤ ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል። ሥራ የሚባል ነገር እጄ ላይ አልያዝ አለኝ።

ዓርብ ፕላስቲክ ወንበር ተሸክሜ ተከተልኳት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ነው። ከፊት፣ ሁሉም በሚያያቸው ቦታ፣ አባ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መቋሚያቸውን እግራቸው ላይ አጋድመውታል። ሕዝቡ ሲወርድና ሲነሣ እሳቸው አንገታቸውን ብቻ ይደፋሉ። ሰው ይንሾካሾካል። እናቴ ብዙ ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ወንበሩን ከእጄ ተቀብላ ተቀመጠች። ጠዋቱን ሙሉ ተቀምጣ ዋለች። እኔ ግን አላመንኳትም፣ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አጣፋችና ተነሣች። እጅጌዋን ያዝኩ።

"እማዬ!"

"ልቀቂኝ።"

ለቀቅኳት። አንድ እጇን መሬት ላይ አኖረች፣ ሌላውን ደገመች፣ ግራ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ቀኙን፤ ከዚያ ግንባሯን። ዙሪያችን ያለው ሰው ወርዶ ተነሣ። እንደገና ወርዶ ተነሣ። እናቴ አልተነሣችም። ወደ አባ ዞርኩ፤ አይተዋታል። ፊታቸውን ቶሎ ወደ መጽሐፋቸው መለሱ።

አጠገቧ ተንበርክኬ ጆሮዋ ስር ገባሁ። "አመመሽ? ላንሣሽ?"

"ዝም በይ።"

"መነሣት አቃተሽ?"

"አላቃተኝም" አለች ከአፈሩ ውስጥ። "ያለኝ አንድ ስግደት ነው። ቸኩዬ ምን ላድርገው?"

ከኋላ የሚሰግዱት እየነኩኝ ስለነበር እኔም ግንባሬን መሬቱ ላይ አደረግሁ። ሰግጄ አላውቅም ማለት ይቻላል። አፈሩ ይሞቃል። ትንፋሿ ጎኔ ይሰማኛል፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሳምንቱን ሙሉ የጮህኩባት ስለ ጉልበቷ እንዳልነበር እዚያ ነው የገባኝ። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው። እዚያው ብንቆይ፣ እሷ ባትነሣ፣ እኔም ባልነሣ ደስ ይለኝ ነበር።

ተነሣች። በእጇ መሬቱን ተደግፋ፣ አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም እነሣለሁ ስል ጉልበቴ "ቋ" አለና ያልጠበቅሁት ሕመም ግማሽ መንገድ ላይ ያዘኝ። በአራት እግሬ እንደሆንኩ ቀና ብዬ አየኋት። ስቅለት ነውና መሳቅ አይገባም፤ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። "ነይ" አለችኝ፣ "ቀስ ብለሽ።"

ያዝኳትና አነሣችኝ።