የላም ዋጋ ያወጣው አውራ ዶሮ

እኔን ቁጣ ይቀድመኛል። ዛሬ አርጅቼ እንኳ አልለቀቀኝም። በዕድሜዬ ከተቆጣሁባቸው ቀኖች ሁሉ ግን እንደዚያ እሑድ የምወደው የለም።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ባለቤቴ አዳማ ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዛኝ ነበር፤ እኔም ከቡልጋ አግብቶኝ ቆላ ወረድኩ። አዳማ ያን ጊዜ ነፋስና አቧራ የማይለያት ትንሽ ከተማ ናት። ሁሉም ነገር በባቡር ይመጣል፤ ጨው ይመጣል፣ አቡጀዲ ይመጣል፣ ላምባ ይመጣል። ውሃ ብቻ በእኛ በሴቶቹ ጀርባ ይመጣል። ጎህ ሲቀድ እንስራ አዝለን የወጣን፣ ስንመለስ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። የመጀመሪያ ፅንሴ የወረደብኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛውን ሳረግዝ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ ከመውለዴ በፊት ሰፈራችን የውሃ ጉድጓድ እንዲኖረው።

የሰፈሩ ማኅበር የተቋቋመውም ለዚሁ ነበር። ከሸዋ የመጣነውም፣ የአገሩ ኦሮሞዎችም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነበርን። የጉድጓዱን ቦታ የሰጡትን የኦሮሞ ሽማግሌ ዳኛችን አደረግናቸው፤ አንድ ፊደል የቆጠረ ጎረቤታችን ደግሞ ጸሐፊ ሆነልን። እሑድ እሑድ ከሽማግሌው ግራር ሥር እንሰበሰባለን። ወንዶቹ ማኅበሩ የቀጠረው ቆፋሪ ያወጣውን አፈር በተራ ይጎትታሉ፤ እኛ ንፍሮና ጠላ፣ ለሙስሊሞቹ ብርዝ እናቀርባለን። ዘፈኑና ቀልዱ ድካሙን ያስረሳ ነበር። እኔ እንኳ፣ ነገር የማይጥመኝ ሴት፣ እሑድ እስኪደርስ እቸኩል ነበር።

ከዚያ ቆፋሪው ጥቁር ድንጋይ ገጠመው። "ደህና ዲጂኖ ካልገዛችሁልኝ፣ ረዳትም ካልቀጠራችሁልኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ አገሬ እገባለሁ" አለ። የማኅበሩ ሣጥን ባዶ ነበር።

"እንግዲያው ጨረታ ይውጣ" አሉ ዳኛው። የጨረታችን ልማድ ቀላል ነው። አንዱ ከቤቱ ያለውን ያመጣል፣ ሌላው ዋጋ ይጨምርበታል፣ ገንዘቡ ለሣጥኑ ይገባል፤ በሰው ፊት የጠሩትን ዋጋ ግን መመለስ ነውር ነው።

በዚያ እሑድ የቀረበው ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። ገበያ ቢወጣ ሩብ ብር ይበዛበታል። ሁለት ሦስት ሰዎች ትንሽ ትንሽ ጨማምረው ሲያቆሙ፣ ስብሰባ ላይ ማሳል እንኳ የሚያሳፍረው ባሌ ብድግ ብሎ "አንድ ብር!" አለ። ከወዲያ ጥግ፣ ከአቦምሳ ቅቤ እያመጣ የሚነግደው ጎረቤታችን "ሁለት!" አለ። "ሦስት!" "አራት!" ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ሞኟም እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። ባሌ ከስድስት ዘልሎ "ስምንት!" ሲል እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስምንት ብር ለአራስነቴ የወተት ላም ልንገዛ ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበር። ነጋዴው ተመልሶ ተቀመጠ። ዳኛው ሦስት ጊዜ ጠርተው፣ አጨብጭበው፣ ዶሮውን ለባሌ አስታቀፉት።

ቤት እስክንገባ አልቻልኩም። ከተጋባን ጀምሮ "እርስዎ" ስለው የኖርኩ ሴት፣ መንገድ ላይ ቆሜ "አንተ ሰው፣ አብደሃል? ይኼ ዶሮ ይታለባል?" አልኩት።

ዶሮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ እውነቱን ተናዘዘ። ለካ ዳኛው አስቀድመው ለብቻው ጠርተውት፣ "ልጄ፣ አንተ ዋጋውን ቆስቁስልን፤ ነጋዴው አቅም አለው፣ እሱ ይገዛዋል" ብለውታል። "በእውነት የፈለገው መስሎኝ ነበር" አለ ባሌ።

"ማን ነው ዶሮ በስምንት ብር የሚፈልግ?" ብዬ ጥዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው ራሱ በራችን ላይ ቆመ። "አካም ቡልተኒ" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርን ጠየቀና አንገቱን ያክ ጀመር። "እህቴ፣ ጸሐፊው 'ዋጋውን ግፋው፣ የባቡሩ ሰው ደመወዝተኛ ነው፣ ይገዛዋል' ብሎኝ ነው። ወላሂ ዶሮ አልፈለግኩም! ባልሽ አልመለስ ሲል ግን፣ እርጉዝ ሚስቱን አምሯት ነው ብዬ ተውኩለት።"

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። እኔ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዴን ይዤ መሬት እስክቀመጥ ሳቅሁ። ነጋዴው አራት ብር አወጣ። "ዋጋውን የሰቀልነው ሁለታችን ነን፤ ግማሹ የእኔ ነው። ላም ዘንድሮ አትግዙ፤ ከእኔ ላም ወተት ጠዋት ጠዋት ይመጣል።" "ቶሌ" አልኩት፤ ያን ጊዜ በኦሮምኛ አሳምሬ የማውቀው "እሺ" ማለትን ብቻ ነበር።

ዲጂኖው ተገዛ፣ ረዳቱ ተቀጠረ፣ ድንጋዩም ተሰበረ። ውሃው የወጣ ዕለት ዳኛው ጭቃማውን ውሃ በቅል ቀድተው፣ በቋንቋቸው እየመረቁ በላያችን ረጩት። ያን ቀን እልልታዬ አልቀረም። ዶሮውን ባሌ ማረድ አልሆነለትም፤ በጮኸ ቁጥር መንገደኛው "ስምንት ብር ጮኸ!" እያለ እየሳቀ ያልፍ ነበር።

ምጤ የመጣው ቀትር ላይ፣ ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣ ነው። አዋላጇ "ውሃ!" ስትል ደነገጥኩ። "በዚህ ፀሐይ ማን ይሄዳል?" ብዬ ለመነሣት ስሞክር ሴቶቹ ሳቁብኝ። ከደጅ የጉድጓዱ ገመድ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ የሚጎትተው ባሌ ነበር። ልጄ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ውሃው ደረሰ።

ሴት ልጅ ነበረች። እንስራ አዝላ ያን መንገድ አንድ ቀን እንኳ ሳትሄድበት አደገች።