ሐኪም እስኪደርስ

ናዝሬት ውስጥ ቀበሌው ያሰረን ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ላይ መጋል ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል። አሥራ ሰባት ሰዎች በአንድ ጀሪካን ውሃ እንውላለን።

በገባሁ ቀን ዘማች እንደነበርኩ አወራሁ። ዘመቻ ከመውጣታችን በፊት፣ ሐኪም በሌለበት ገጠር ለሚደርስ አደጋ እንዲሆነን የመጀመሪያ እርዳታ አስተምረውን ነበር፤ አንድ ሳምንት። ከዚያ ወዲያ እስረኛው ሁሉ "ዶክተር" ይለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከወለንጪቲ የመጡ ሽማግሌ ገበሬን ከምርመራ መልሰው ወረወሩልን። ውስጥ እግራቸው ተተልትሏል፤ ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ እንጨት ደርቋል።

"ኢልማ ኮ፣ ቢሻን... ልጄ፣ ውሃ" አሉኝ።

አንዱ ጣሳውን ሊያቀርብላቸው ሲል እጁን ያዝኩት። "ሆዱን የተመታ ሰው ውሃ አይሰጠውም፤ እንዲህ ነው የተማርነው።" ማንም አልተከራከረኝም። ዶክተር ነኛ!

እግራቸውን በተጠቀለለ ጋቢ ከፍ አደረግሁላቸው፤ የተማርኩትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር አደረግሁ።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ።"

"እሺ። አስቸገርኩህ" ይሉኛል፤ ደግሞ ይለምኑኛል።

እኩለ ቀን አለፈ። ቀስ ብለው "ሐኪም መቼ ነው የሚመጣው?" አሉ።

ትምህርቱ ሙሉውን ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ውሃ አትስጡ የተባልነው ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ነበር። ሆስፒታሉ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሳቸውን ወደዚያ የሚወስድ ግን አልነበረም። ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ። መዋጥ አቃታቸው። ውሃው በጢማቸው ወርዶ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

አብዮት ጠባቂዎቹ እግራቸውን ይዘው ሊጎትቱ ሲሉ "ተዉ፣ እኛ እናወጣቸዋለን" አልኩ። በጥፊ አጮለኝ አንዱ፤ እግራቸውን ግን ለቀቁ። አጠገቤ የነበረው እስረኛ እጁን ዘረጋልኝ። ክንድ ለክንድ ተያይዘን መቀመጫ ሠራን፤ ሌላው ከኋላ ራሳቸውን ደገፈ። ነፍሱ እንዳልወጣ ቁስለኛ ተሸክመን፣ ሳንቸኩል እስከ በሩ አደረስናቸው።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። "ብትሰጣቸውም ባትሰጣቸውም ይሞቱ ነበር" አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔን ግን የባሰ አሳመመኝ። እንግዲያው ከጠዋት እስከ ቀትር ያስለመንኳቸው ለምን ነበር?