በጋሽ ሰይድ ለቅሶ ላይ ለእማዬ ኪኒን አትስጡብኝ

ስልኬን አጥፍቼ መልሼ አበራሁት። መልእክቱ ግን እዚያው ነው። የጋሽ ሰይድ ልጅ የላከልኝ አንድ መስመር ብቻ፦ «አባቴ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ።»

ሰኞ ዕለት ለኩላሊታቸው ሕክምና ደሴ ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ ገብተው እንኳን በመስኮት የእናትሽን ግፊት መለካት እንዳትረሺ ይሉኝ ነበር። ሐሙስ እመለሳለሁ ያሉ ሰው ናቸው። እስካሁን አልገባኝም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ሰይድ እዚህ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ለረጅም ዓመት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበሩ። ከመሸጥ መከልከል የሚቀናቸው ነጋዴ ነበሩ ብል አይቀየሙኝም። ብር ይዞ የመጣን ሰው «አብሽር፣ መጀመሪያ ደም ስርህን እንጠይቀው» ብለው ግፊቱን ሳይለኩ አይለቁትም። ስንቱ ተናዶ ሌላ ቤት ሄዷል።

እማዬም ተናዳ ታውቃለች። አምና ክረምት ግማሽ ራሷን የሚፈልጣት በሽታ ሲነሳባት፣ ጅዳ ያለችው እህቴ ሀዋ ማዳሟ የምትውጠውን ኪኒን ላከችላት። ራስ ምታቱ ወዲያው ለቀቃት። ሲያልቅባት ባዶ ካርቶኑን ይዛ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄደች፣ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ካርቶኑን አገላብጠው አዩና ከዋጥሽው በኋላ ምን ተሰማሽ አሏት። ምንም አለች። ደግመው ጠየቋት። እያፈረች «ደረቴን ትንሽ ጨምደድ አድርጎኝ ነበር» አለች።

የገበያ ቀን ነው፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉንም ይቅርታ ጠይቀው ዘጉና ባጃጅ አስቁመው ራሳቸው ሆስፒታል ወሰዷት። የልቧ ደም ስር መጥበቡን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ሲሻላት ግን ሄዳ ሞገተቻቸው። ጎረቤታችን ያንኑ ኪኒን ውጣ ምንም አልሆነችም፣ እኔን ለምን አለቻቸው። መልሳቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦

«ሰውነታችን ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ነገር አለ፤ ከደም ጋር ይዞራል። ጤነኛ ደም ስር ጋ ሲደርስ የስሩ የውስጥ ሽፋን ይቀበለውና ስሩን ላላ ያደርገዋል፣ ደም እንደልቡ ያልፋል። ሽፋኑ ከተጎዳ ግን ያው ሴሮቶኒን ስሩን ጭብጥ ያደርገዋል። ይሄ ኪኒን ደግሞ እሱን መስሎ፣ የራስን ደም ስር እንዲያጠብ የተሠራ ነው። ሲገባ የልብሽንም ያገኘዋል። የጎረቤትሽ ስር ይችለዋል ከድጃ፣ ያንቺ አይችልም።»

እማዬ ገባኝ አለች። የገባት ለሦስት ወር ነው።

አክስቴ የሞተች ጊዜ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ውለው ሁሉም ራሱን ያዘ። እንዲህ ሲሆን ቦርሳ እንደሚከፈት እናንተም ታውቃላችሁ። ከሳውዲ የመጣው፣ ከኩዌት የመጣው፣ ከቤሩት የመጣው ኪኒን እንደ ቆሎ ይታደላል። ምን በሽታ አለብሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ክፋት አይደለም፣ ደግነት ነው፣ እኔም ሰጥቼ አውቃለሁ። ጋሽ ሰይድ ከወንዶቹ ድንኳን ተነስተው ሴቶቹ መሀል ዘው አሉና ኪኒኑን ከእማዬ መዳፍ ላይ አነሱት። ነውር ነው ተብለው ተቆጧቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፣ ኪኒኑን ግን ኪሳቸው ከተው ነው የወጡት።

ነገ ጠዋት ጀናዛቸው ከደሴ ይመጣል። ከዚያ ለቅሶው የራሳቸው ቤት ነው። እማዬን ቅሪ ልላት አልችልም፣ ብላትም አትቀርም። ዜናውን ከሰማች ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። አመመሽ ስላት አላመመኝም ትላለች። ፈርቻለሁ። ነገ ከድንኳን ተነስቶ የሚገባ ሰው የለም።

ለቅሶ የምትመጡ እህቶቼ፣ ከወግዲም የምትመጡ፣ አደራችሁን። ራሷን ይዛ ብታዩዋት ለእኔ ንገሩኝ። ብትለምናችሁም ቦርሳችሁን አትክፈቱላት። ሀዋ፣ ይህን ካነበብሽ ራስሽን አትውቀሺ። አንቺ አላወቅሽም፣ እኛም አላወቅንም ነበር።

ጋሽ ሰይድ፣ እናቴን እስከ ዛሬ ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብዬ በደንብ አላመሰገንኩዎትም። አላህ ይዘንልዎ፣ ቀብርዎን ሰፊ ያድርግልዎ። ነገ በለቅሶዎ ሳላለቅስ ቢያዩኝ እንዳይቀየሙኝ። እማዬ ጎን ተቀምጬ እጇን እያየሁ ነው የምውለው። ለእርስዎ የማለቅሰው ሰዉ ተበትኖ፣ እሷም ምንም ሳትሆን ቤት ስትገባልኝ ነው።