የእታለም ላጲስ

እታለም ቆማ የምታልም ሰው ናት። ታላቅ እህቴ ስለሆነች፣ እኔም በዚያችው የልብስ ስፌት ቤታችን ቁልፍ እየተከልኩ አጠገቧ ስለኖርኩ፣ ከእኔ በላይ የሚመሰክርባት የለም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች ዓይኗ በመስኮቱ ወጥቶ ይሄዳል። እጅጌው ተሰፍቶ ያልቅና መርፌው ባዶውን ሲወጋ ይቆያል። «እታለም፣ የት ደረስሽ?» ስላት «ክፍል ውስጥ ነበርኩ» ትላለች። ክፍሉ በሕልሟ ያለ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ አርባ ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን። እስከዚያው ድረስ ሒሳብ የምታስተምረው በሩ አጠገብ ለምታቆማት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነበር። አሻንጉሊቷ አንድ ቀን እንኳ «አልገባኝም» ብላ አታውቅም። እታለምን ያበላሸቻት እሷ ናት እላለሁ እኔ።

በሠላሳ አራት ዓመቷ የመምህራን ኮሌጅ ገባች። «ሽበት ሳይቀድምሽ ጨርሺው» እያልኩ አሾፍኩባት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ፈርቼ ነበር። ከሄደች ከአሻንጉሊቷ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።

በመጨረሻው ዓመት የአስጠኚነት ልምምድ መጣ። ለስድስት ሳምንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄደች፣ ሒሳብ የከበዳትን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማስጠናት አለባት። በመጨረሻው ቀን የኮሌጁ አሰልጣኝ ቁጭ ብለው ያዩና ቅጹን ይሞላሉ። የወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል፤ ሁለተኛ ዕድል ብሎ ነገር የለም። አሰልጣኙ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። ከመናገር ማየት ስለሚቀናቸው ተማሪው ሁሉ «አባ ዝምታ» ይላቸዋል። እታለምን የሚጠሯት «ተለማማጇ» እያሉ ነው፤ ሌላ ስም አልነበራትም።

የሚያጠኑት በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ነበር። እሷ ስታወራው ቦታው ሕልሟ ውስጥ የነበረው ይመስላል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይራመዳል፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የመጻሕፍት ጠባቂዋ ማኅተሟን እንደያዘች ታንቀላፋለች። ልጅቷ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ናት። የተነገራት ሁሉ ላይ መልሷ አንድ ነው፤ «ገባኝ፣ እትዬ።» እኔም ሳላያት «እመት ገባኝ» ብዬ ስም አወጣሁላት።

እታለም ደግሞ የተዛባ ነገር አይሆንላትም። ዝንፍ ያለ ስፌት ካየች እህል አይወርድላትም። ልጅቷ ስትሳሳት ላጲሷን ከደረት ኪሷ መዘዝ አድርጋ ሙልጭ አድርጋ ታጠፋዋለች፤ ከዚያ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ ትክክለኛውን ትጽፍላታለች። ደብተሩ እንደ አዲስ ሸሚዝ አማረ። ማታ ማታ «ልጅቷ እኮ ተለወጠች» እያለች ትፍለቀለቅ ነበር። የክፍል ፈተናው ሲመለስ ግን ወፍ የለም፤ ከሃያው ሦስት ብቻ።

በስድስተኛው ሳምንት መጀመሪያ አባ ዝምታ መጥተው ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጡት።

«ይኼ የማን ነው?» አሉ።

«የሷ ነው» አለች እታለም።

«የሷ የቱ ጋ ነው?»

እታለም አጎንብሳ ገጹን ፈለገችበት። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ በየቀኑ የምታስበውን ጽፋ ነግራሻለች። አንቺ በየቀኑ አጠፋሽው። አሁን ምን እንደምታስብ በምን ታውቂያለሽ?»

ያን ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ሊጠብ የመጣ አሮጌ ኮት ነበር። እኔና እሷ አሮጌ ልብስ ስንፈታ አንድ ልማድ አለን፤ የፊተኛው ሰፊ መርፌውን የት የት እንዳስገባ ቀዳዳውን ሳናይ መቀስ አናነሳም። ሰውየው ያን መንገድ የመረጠው አንድ ነገር አስቦ ነው። እታለም ኮቱን ገልብጣ በቀዳዳዎቹ ላይ ጣቷን ስታንሸራትት ብዙ ቆየች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያልኩ ለሌላው እተርታለሁ» አለች። «እኔ ግን ሥሩን በላጲስ ስፍቅ ከረምኩ።»

ከዚያ ላጲሷን ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ጣለችው። «ብለምንህ እንኳ እንዳትሰጠኝ» አለችኝ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አባ ዝምታ ቅጻቸውን ይዘው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። እታለም ለልጅቷ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ደምሪ አለቻት። ልጅቷ ጻፈች፤ ሁለት አምስተኛ። የእታለም እጅ ሳታዘው ወደ ደረት ኪሷ ሄደ። ባዶ ነው።

«እንዴት አገኘሽው?» አለቻት።

«ገባኝ፣ እትዬ። ተሳስቻለሁ።»

«ተሳስተሻል አላልኩም። እንዴት እንዳሰብሽ ንገሪኝ።»

ብርሃኑ አንድ ስንዝር ያህል ሄደ። እታለም መልሱን ላለመናገር እጆቿን ከጠረጴዛው በታች አድርጋ ጠበቀች። በመጨረሻ ልጅቷ ቀና አለች።

«ፈተና ላይ ከሁለት ጥያቄ አንድ ባገኝ፣ ከሦስት ጥያቄ ደግሞ አንድ ባገኝ፣ በጠቅላላው ከአምስት ሁለት አገኘሁ አይደል?»

እታለም ደነገጠች። ነገሩ እውነት ነው! ከሃያው ሦስት ስታመጣ የከረመች ልጅ ለካ ምክንያት ነበራት፤ እሱም ነው ስድስት ሳምንት ሊሞላው ድረስ ሲጠፋ የኖረው።

ቦርሳዋ ውስጥ ገብታ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አወጣችና ስልሳ ላይ አጠፈችው። «ግማሹን አሳዪኝ።» ልጅቷ ሠላሳ ላይ ጣቷን አኖረች። «ሲሶውን ጨምሪበት።» ሃያ ጨመረች፤ ሃምሳ። «አሁን ያንቺን ሁለት አምስተኛ አሳዪኝ።» ልጅቷ ስልሳን ለአምስት አካፈለች፣ ሁለቱን ቆጠረች፣ ሃያ አራት ላይ ቆመች። ጣቷ ከሠላሳው ወደኋላ ቀርቷል።

«እንዴ! ጨምሬበት አነሰ?» ብላ ሳቀች። የመጻሕፍት ጠባቂዋ ነቃች። ልጅቷ ግን ሳቋን አቁማ ግንባሯን ቋጠረች። «ታዲያ የፈተናውስ ለምን ልክ ሆነ? አልገባኝም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አልገባኝም አለች። እታለም አፏን ከፈተች፤ መልሱ እንደሚሆን ሆኖ አልመጣላትም። አሰልጣኙ ፊት፣ በመጨረሻው ቀን፣ «እኔም በደንብ አላውቀውም። ነገ እንየው» አለች። ደወል ተደወለ። አባ ዝምታ ቅጹን አጥፈው ውጤቱን ሳያሳዩዋት ወጡ።

«ወደቅሁ» አለችኝ ስትመጣ። «ጥያቄውን አንጠልጥዬው፣ ነገ የማላገኛትን ልጅ ነገ ብዬ ቀጠርኳት።» ልቤ ተቆረጠ። ስትሄድ የፈራሁ ሰውዬ ስትቀር አለቀስኩ።

በማግስቱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ዓይኗ ወደ መስኮቱ አልሄደም፤ ስፌቱን ብቻ ታያለች። ይኼ አስፈራኝ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ደብተሯን አቅፋ ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ቆመች።

«ነገ እንየው አላሉም ነበር?» አለች።

እታለም እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። «እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?»

«አሰልጣኙ ናቸው። ልምምዱ አልቋል፣ አስተማሪሽ ግን ልብስ ስፌት ቤት አለች፣ ሂጂ አሉኝ።»

እኔ ቁልፉን ትቼ ወንበር አመጣሁ። እታለም ጨርቁን ገፋ አድርጋ እርሳሱን ለልጅቷ ሰጠቻት።