በርበሬያችንን ያመመው አንድ አይደለም ያለችው ሐዋ

ሐዋ አረፈች ብሎ የደወለልኝን ሰው ተቆጥቼ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ትናንት ከሰዓት እኮ ቢሮ አብረን ነበርን። በራሷ ቁጥር ስደውል ወንድሟ አነሳው። ድምፁን ስሰማ አመንኩ።

ለማታውቋት፣ ዶክተር ሐዋ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ የዕፅዋት ቫይረስ ተመራማሪ ነበረች። እኔን የደብረ ሲናውን የአገሯ የቆላ ሙቀት ሲያንገላታኝ "ደገኛው ሟሟ!" እያለች የምትስቅብኝ የሥራ ባልደረባዬ።

የበርበሬ ማሳ የሚገባ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ታጥቦ ወተት ውስጥ ይነክራል። ሕጓ ነው። ትምባሆ የነካ እጅ ከትምባሆው የያዘውን ቫይረስ በርበሬው ላይ ይለጥፋል፣ ወተት ደግሞ ያዳክመዋል። እኛ አገር ትምባሆ ያልነካ እጅ ከየት ይመጣል?

ማሳቸውን ለሙከራ የሰጡን ሼህ ዓሊ አንድ ቀን፣ "ሐዋዬ፣ ወላሂ ጥጃዬ እየጮኸ አንቺ ወተቱን መታጠቢያ አደረግሽው?" አሏት።

"አባባ፣ እርስዎም ይንከሩ" አለቻቸው። እየሳቁ ነከሩ።

ያኔ በሽታውን ይቋቋማል የተባለ የበርበሬ ዘር ለይፋት ገበሬ ሊከፋፈል ተዘጋጅቶ ነበር። ቫይረሱን በውጭ ሽፋኑ የሚያውቀው የሴሮሎጂ ምርመራ፣ የሁሉም ማሳ በሽታ አንድ ነው አለ። አለቆቻችን ደስ አላቸው። ሐዋ ግን ያው ዘር ሼህ ዓሊ ማሳ ላይ ታሞ ቅጠሉ ዥጉርጉር ብሎ አይታለች።

"ዘመዱን አትንገሩኝ፣ እሱን ንገሩኝ" አለች። ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነው። የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ለሰው ይበቃል፣ ለቫይረስ አይበቃም፣ ሽፋናቸው ተመሳስሎ ጠባያቸው ይለያያል ትል ነበር። ከአንድ እናት ጨዋም ዱርዬም ይወጣል።

"ገበሬው እየጠበቀ ነው፣ ዘሩ ይከፋፈል ብለሽ ፈርሚና እንገላገል" አሏት አለቆቻችን።

"እየጠበቀማ ነው። አጎቶቼ ናቸው እኮ። የሚታመም ዘር ሰጥቼ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?"

ከሥራ ትባረሪያለሽ ተባለች። አልፈረመችም። ቅጠሎቹን በረዶ ሳጥን ውስጥ አሽጋ፣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሕዝብ ማመላለሻ በጣርማ በር አዲስ አበባ ወጣች። የቫይረሱን ጂን የሚያነበው ሞለኪውላዊ ምርመራ ሁለት ዝርያ መሆኑን አሳየ። ሊከፋፈል የነበረው ዘር አንዱን ይችለዋል፣ ሌላው ግን ድራሹን ያጠፋዋል። ማከፋፈሉ ቆመ። ያመሰገናት የለም፤ ማግስቱን ሁለቱንም የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ጀመረች። ይኸው እስከ ትናንት እሱ ላይ ነበረች።

ሐዋዬ፣ ዛሬ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እንሸኝሻለን። አለቆቻችንን አውቃቸዋለሁ፣ ሐዘንሽ ሳይወጣ "በቃ፣ ያለውን ዘር እናከፋፍል" ብለው ይመጣሉ። ከአንቺ ቀጥሎ ፈርም የምባለው እኔ ነኝ።

አልፈርምም። አንቺ አሁን እረፊ፣ እህቴ።