ገመዱ «አለሁ» አለኝ

አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ «አለህ?» ማለት ነው። መልሱም አንድ ጊዜ ሳብ ነው፤ «አለሁ»።

ይህን ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነው። ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ሲማር እኛ ቤት ነበር የሚኖረው፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ እኔ ዝዋይ እናቱ ቤት እከርማለሁ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስናጠምድ የመረቡን ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘን ሐይቁ ዳር ፊላው ውስጥ እንገባለን። ፊላው ስለሚጋርደን አንተያይም፤ ብንጮህ ደግሞ ዓሣው ይሸሻል። ስለዚህ በገመዱ እንጠያየቃለን።

በደርግ ጊዜ ሁለታችንም ባሕረኛ ሆነን ቀይ ባሕር ተመደብን፤ በአየር ሲሊንደር መጥለቅም ተማርን። አሠልጣኞቹ ስንት ዓይነት የገመድ ምልክት አስጠኑን፤ እኛ ግን የዝዋዩን አልተውንም።

ከወደቡ እጅግ ርቆ አንድ ቋጥኝ አለ። ከባሕሩ ወለል እንደ ሾጣጣ ተነሥቶ ውኃው ገጽ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ስለሚያበቃ፣ መርከብ ሳያየው ይመታዋል። የምልክት ተንሳፋፊ የሚታሰርበት ቀለበት ጎኑ ላይ እንድንተክል ታዘዝን። ጥልቅ ነው፤ ሞገዱ ከሥር ሆኖ ይገፋል፣ መልሶ ይስባል። ለጀማሪ የሚሆን ሥራ አልነበረምና እኔ ኮራ ብዬ ነው የወረድኩት። ስንወርድ አንድ ሳንቡክ፣ የዓረብ ጀልባ፣ ራቅ ብሎ ዓሣ ያጠምድ ነበር።

ጓደኛዬ «ማዶውን ልየው» ብሎ በእጁ አመለከተኝና ዞረ። ሁለታችንን ያያያዘን ገመድ ከወገቤ ተነሥቶ ከቋጥኙ ጀርባ ጠፋ። ቀለበቱን ተክዬ ስጨርስ ገመዱን ሳብኩ። ሳብ አደረገኝ፤ አለ። ጠበቅሁት። እንደገና ሳብኩ፤ አሁንም አለ። አየሬ እያለቀ ነው፤ ግን «አለሁ» እያለኝ ትቼው እንዴት ልውጣ? አንድ ነገር ይዞት ይሆናል ብዬ ገመዱን ተከትዬ ዞርኩ።

የገመዱ ጫፍ ድንጋይ ላይ ታስሯል። ቋጠሮው የዝዋይ የመረብ ቋጠሮ ነው። «አለሁ» ሲለኝ የነበረው ሞገዱ ነው። እኔ ታች እስከቆየሁ ድረስ ላይ ጀልባችን ውስጥ ያሉት እሱን አይፈልጉትማ!

የቀረችኝን ትንፋሽ እያስወጣሁ በጥድፊያ ወጣሁ። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሳንቡኩ የለም። የኛዎቹ ሰመጠ ብለው ሲፈልጉት ዋሉ። መክዳቱ አይደለም ያንገበገበኝ፤ በዚያ ዘመን ስንቱ ከድቷል። በ«አለሁ» መሸንገሉ ነው። እናቴ «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ስትለኝ እስቅባት ነበር።

ፈቃድ ሳገኝ ዝዋይ ወረድኩ። ለእናቱ ምን እንደምላቸው ከሞጆ እስከ መቂ ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ፤ ሞተ ብል ውሸት፣ ከዳ ብል ጣጣ። በሩ ላይ ሳያቸው ግን ጥቁር አልለበሱም።

«ኮቱ፣ ግባ ልጄ» ብለው አስቀመጡኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተን ምን አስቀረህ?» አሉኝ።

«ከየት እማማ?»

«አብረን ነው የምንሻገረው ብሎኝ የለ እንዴ! እኔማ አልለቅህም ብዬው ነበር። አንተ አለህ ብዬ እኮ ነው የመረቅሁት።»

እኔን ድንጋይ ላይ ሊያስረኝ፣ በኔ ስም የእናቱን ምርቃት ወስዷል። ተነሥቼ ወጣሁ።

በግራ በኩል ጠርተውኝ ኖሮ አልሰማሁም። እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ። ዞሬ አየኋቸው እንጂ፣ አለሁ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።